ስለ ኤስ ቲ ኤል የቱን መጽሐፍ ላንብብ ለምትሉ

ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ልጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቴምፕሌትና ኤስ ቲ ኤል በደንብ እንዲገባኝ የቱን መጽሐፍ ላንብብ?» (ቴምፕሌት ለብዙ ዓይነት ዳታ የሚያገለግል አንድ የኮድ ንድፍ ነው፤ ኤስ ቲ ኤል ደግሞ ከቋንቋው ጋር የሚመጣ፣ በቴምፕሌት የተጻፈ የዳታ መያዣዎችና የአልጎሪዝሞች፣ ማለትም የአሠራር ዘዴዎች፣ ስብስብ ነው።) እኔም ሳላመነታ የማቲው ኦስተርንን «ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ ኤንድ ዘ ኤስ ቲ ኤል» እላለሁ። ስሙን ይዘው ይሄዱና ይፈልጉታል። ከዚያ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። መጽሐፉ የወጣው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። «ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ'ኮ በዕድሜ ይበልጠኛል» ያለኝ ልጅ አለ።

እውነቱን ነው። በዚህ ሙያ አሮጌ መጽሐፍ መያዝ ያስፈራል። ባለፈው ዓመት የተማርከው መሣሪያ ዘንድሮ ስሙ ይቀየራል። ታዲያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈውን መጽሐፍ ምን አገኝ ብዬ ነው የማነበው? ጥያቄው ተገቢ ነውና በደንብ ልመልሰው።

የምትፈልጉት የፈንክሽን ዝርዝር ከሆነ ለመጽሐፍ ገንዘብ አታውጡ። ሲፒፒ ሪፈረንስ የሚባለው ድረ ገጽ ሁሉንም ይዟል። ነጻ ነው። ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጠው ቅጂ አለው። ሶርት (ዝርዝር የሚደረድረው አልጎሪዝም) ምን ምን ይቀበላል፣ ቬክተር (ዳታን በተርታ የሚይዘው መያዣ) ምን ምን ፈንክሽን አለው የሚለውን መጽሐፍ ገልጦ የሚፈልግ ሰው ዛሬ አላውቅም። መጽሐፍ የሚያስፈልገኝ ለሌላ ነገር ነው። ይሄ አልጎሪዝም ከምሰጠው ዳታ ምን ይጠብቃል? የሚጠብቀውን ሳያገኝ ቢቀርስ? ራሴ የጻፍኩት አዲስ የዳታ ዓይነት ከሶርት ጋር እንዲሠራ ምን ማሟላት አለበት? እነዚህን የሚመልስ መጽሐፍ ቢያረጅም አይሞትም።

ኤስ ቲ ኤልን አሁን በምናውቀው መልክ የሠሩት አሌክሳንደር ስቴፓኖቭና ሜንግ ሊ ናቸው፤ በሂውሌት ፓካርድ የምርምር ላብራቶሪ። ስቴፓኖቭ ከዚያ በፊት ከዴቪድ ማሰር ጋር ለዓመታት በዚሁ ሐሳብ ላይ ሠርቷል። አዳ በሚባለው ቋንቋም ሞክረውታል። በኖቬምበር 1993 ስቴፓኖቭ በአንድሩ ኮኒግ ጋባዥነት ሳን ሆዜ ላይ የቋንቋውን ደረጃ ለሚያወጣው ለሲ ፕላስ ፕላስ ኮሚቴ ሐሳቡን አቀረበ። በጁላይ 1994 ካናዳ ዋተርሉ ላይ ኮሚቴው ተቀበለው። ለኮሚቴ ሥራ ይሄ ፍጥነት ተአምር ነው። ኩባንያው ኮዱን እዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በነጻ ለቀቀው። ስቴፓኖቭ ቆይቶ ኤስ ጂ አይ ወደሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተዛወረ፤ ኦስተርንም የሚሠራው እዚያ ነበር። መጽሐፉ ከውስጥ አዋቂ እጅ የወጣ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ማብራሪያ ነው፤ ከቀላል ነገር፣ አንድን ዕቃ ከዝርዝር ውስጥ ተራ በተራ ከመፈለግ ተነስቶ ኢቴሬተር (በዝርዝር ውስጥ ያለን ቦታ የሚጠቁመው ነገር) ለምን እንዳስፈለገ ያሳያል። ሦስተኛው የአልጎሪዝሞችና የክላሶች ማጣቀሻ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ክፍል ግን ስለ ኮንሴፕቶች ብቻ ነው የሚያወራው። የመጽሐፉ ዋጋም እዚያ ነው። ኮንሴፕት ማለት አንድ ዓይነት ሊያሟላቸው የሚገቡ ግዴታዎች ስብስብ ነው። እነዚህ እነዚህ ኦፕሬሽኖች ይኑሩት፣ ትርጉማቸው ይሄ ይሁን፣ ከዚህ በላይ ጊዜ አይፍጁ ይላል። በ1998 ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም ነበር። ውሉ በሰው ቋንቋ ተጽፎ መጽሐፍ ላይ የሚገኝ፣ ፕሮግራመሩ በራሱ ኃላፊነት የሚያከብረው ነበር። ኮንሴፕት ወደ ቋንቋው ሊገባ ደርሶ በ2009 ፍራንክፈርት ላይ ኮሚቴው አስወጣው። የገባው በሲ ፕላስ ፕላስ 20 ነው (ቁጥሩ ደረጃው የወጣበት ዓመት ነው)። ዛሬ «አዲስ ነገር» ተብሎ የሚሸጠው ሐሳብ እዚህ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ከነምክንያቱ ተቀምጧል።

ይሄ ሁሉ ወሬ ብቻ እንዳይመስል በኛው ችግር ላሳያችሁ። የስም ዝርዝር በፊደል ተራ መደርደር።

ኃይሉ የሚባል ሰው ሲመዘገብ የሚመዘግበው ሰው እንደለመደው ይጽፈዋል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የተቀመጡትም ተራርቀው ነው። ዝርዝሩን ዝም ብላችሁ ለሶርት ብትሰጡት ሀይሉ ከለማ በፊት ይመጣል። ሐይሉ በለማና በመኮንን መካከል ይገባል። ኃይሉ ደግሞ ከተስፋዬም በኋላ፣ ነጋሽ አካባቢ ይገኛል። ባለጉዳዩ ቢሮ ሄዶ «ስምህ የለም» ሲባል ስሙ አለ። ሌላ ገጽ ላይ ነው።

መፍትሔው የራስን ማነጻጸሪያ መጻፍ ነው። ሁለት ስም ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው መቅደም አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ይመልሳል። ከማነጻጸሩ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። ሃና ኣም እንዲሁ። እዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል።

አሁን ውሉን እንይ። ሶርት ከማነጻጸሪያው የሚጠብቀው ነገር ስሙ «ስትሪክት ዊክ ኦርደሪንግ» ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ማንም ከራሱ አይቀድምም። አበበ ከከበደ ከቀደመ ከበደ ከአበበ አይቀድምም። አበበ ከከበደ፣ ከበደ ከወርቁ ከቀደሙ አበበም ከወርቁ ይቀድማል። አራተኛውን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። ሁለት ስሞች አንዳቸውም ካልቀደሙ «እኩያ» እንበላቸው። እኩያነትም መተላለፍ አለበት። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው እኩያ ከሆኑ አንደኛውና ሦስተኛውም እኩያ መሆን ግድ ነው።

የፊደል መመለሻችን ይሄን ያከብራል፤ ሦስቱም ኃይሉዎች መጀመሪያ ወደ አንድ ጽሕፈት ስለሚመለሱ። አሁን ግን አንድ ብልጥ ነኝ ባይ መጥቶ «የትየባ ስህተትም እናስተካክል፤ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስሞችን እንደ አንድ እንቁጠር» ቢልስ? ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። ታደሰን፣ ታደለንና ታከለን ውሰዱ። ታደሰና ታደለ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ እኩያ ናቸው። ታደለና ታከለም በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ እኩያ ናቸው። ታደሰና ታከለ ግን በሁለት ፊደል ስለሚለያዩ እኩያ አይደሉም። ውሉ ፈረሰ። ኮዱ ኮምፓይል ያደርጋል። በአሥር ስም ሲሞከር ምናልባትም ልክ ይመጣል። ትልቅ ዝርዝር ሲሰጠው ግን ምን እንደሚያወጣ ማንም ዋስ አይሆንም። ምክንያቱን ለማግኘት ኮዱን መስመር በመስመር ብታዩት አታገኙትም። ስህተቱ ያለው በውሉ ላይ ነዋ።

ሌላው የተለመደ ነገር «ያንሳል» ማለት ሲገባ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ብሎ መጻፍ ነው። አንዲት ምልክት ናት። ያኔ ማንኛውም ስም ከራሱ ይቀድማል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ግዴታ ተጣሰ። እኩል የሆኑ ስሞች በበዙበት ዝርዝር ላይ ሶርት ከዝርዝሩ ድንበር አልፎ ሊያነብና ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችላል። «ሴት» በሚባለው ኮንቴይነር (የዳታ መያዣ) ውስጥ ብትጠቀሙበት ደግሞ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይገባል፤ መድገም የማይፈቅድ ኮንቴይነር ነው እየተባለ። ይሄን በኢንተርቪው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። መልሱን በቃሉ የሸመደደው ብዙ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው።

ውሉ ሲከበር ደግሞ የሚገኘው ጥቅም ያስደስታል። በትክክለኛው ማነጻጸሪያ ከደረደራችሁ በኋላ ኢኳል ሬንጅ የሚባለውን አልጎሪዝም «ኃይሉ» ብላችሁ ብትጠይቁት ሦስቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጎ ከየት እስከ የት እንዳሉ ይሰጣችኋል። ሶርት ሳይሆን ስቴብል ሶርት ከተጠቀማችሁ ደግሞ እኩያዎቹ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይቆያሉ። ኢኳል ሬንጅን የጻፈው ሰው ፊደላችንን አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገውም። ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ግዴታው ትርጉም ላይ ብቻ አያቆምም፤ ጊዜንም ይጨምራል። ሎወር ባውንድ የሚባለው በግማሽ እየከፈለ የሚፈልገው አልጎሪዝም በሊስት (እያንዳንዱ ዕቃ ቀጣዩን በሚጠቁምበት መያዣ) ላይም ይሠራል። የሚያነጻጽረው ጥቂት ጊዜ ነው። ግን ሊስት ላይ መዝለል ስለማይቻል መሀሉን ለማግኘት አንድ በአንድ መራመድ አለበት። ስለዚህ ማነጻጸሩ ውድ ከሆነ ያዋጣል፤ ርካሽ ከሆነ አያዋጣም። ሶርት ደግሞ ሊስትን ጭራሽ አይቀበልም፤ ሊስት የራሱ ሶርት ያለው ለዚህ ነው። በ1998ቱ ደረጃ ሶርት ፈጣን እንዲሆን የሚጠበቀው በአማካይ ነበር። በ2011 በክፉ ቀንም እንዲሆን ተደረገ። ያን የሚያሟላ ኢንትሮሶርት የሚባል ዘዴ ማሰር በ1997 አሳትሞ ስለነበር ነው ኮሚቴው በድፍረት ሊጠይቅ የቻለው።

አሁን ያረጀውን ልናገር። ከሲ ፕላስ ፕላስ 11 ወዲህ ያሉት ላምዳ (ስም የሌለው ፈንክሽን)፣ አውቶ (ዓይነቱን ኮምፓይለሩ እንዲለየው መተው) እና ሙቭ (ዳታን ሳይቀዱ ማዛወር) ኦስተርን ውስጥ የሉም። አልጎሪዝሞች ዝርዝሩን በሙሉ እንዲቀበሉ ያደረገው ሬንጅስም የለም። ባይንድ ፈርስት፣ ባይንድ ሴከንድ፣ ፒቲአር ፋን የሚባሉት መገጣጠሚያዎች በሲ ፕላስ ፕላስ 17 ከላይብረሪው ወጥተዋል፤ ሥራቸውን ላምዳ ይሠራዋል። ራንደም ሸፍልም ወጥቷል። ሃሽ ማፕ የሚለውን ስታዩ አንኦርደርድ ማፕ ብላችሁ አንብቡት። ይሄን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን መጣል ግን ሕፃኑን ከነአንቀልባው መጣል ነው።

«እሺ፣ ግን ዛሬ ማታ ሥራ አለብኝ፤ የሚሠራ ኮድ ነው የምፈልገው» ለሚል ሰው የኒኮላይ ዮሱቲስን «ዘ ሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ላይብረሪ» እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው እትም የ1999 ነው፤ የምትፈልጉት የ2012ቱን ሁለተኛ እትም ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ 11ን ይሸፍናል። ከ1,000 ገጽ በላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ይገለጣል፣ ይዘጋል። ምሳሌዎቹ ንጹህ ናቸው። «ለምን» ለሚለው ጥያቄ ግን ኦስተርንን ያህል አይቆምም።

ስኮት ማየርስ በ2001 ያወጣው «ኢፌክቲቭ ኤስ ቲ ኤል» ሌላ ጠባይ አለው። 50 አጫጭር ምክሮች ናቸው። 19ኛው በእኩልነትና በእኩያነት መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል፤ የኃይሉዎቹ ጉዳይ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። 21ኛው ማነጻጸሪያ ለእኩሎች ሁልጊዜ «አይ» ይበል የሚለው ነው። 32ኛው ደግሞ ሪሙቭ የሚባለው አልጎሪዝም ምንም ነገር እንደማያስወግድ ይነግራችኋል። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ሪሙቭ የሚቀበለው ኢቴሬተር ብቻ ነው፤ ኮንቴይነሩን አያየውም፤ ስለዚህ ሊያሳጥረው አይችልም። የሚቆዩትን ወደ ፊት ሰብስቦ አዲሱ መጨረሻ የት እንደሆነ ይነግራችኋል። ቀሪውን ኢሬዝ ብላችሁ የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ። ሲ ፕላስ ፕላስ 20 ሁለቱን አንድ ላይ የሚሠራ ኢሬዝ አምጥቷል፤ ግን ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሌላ ቦታ ላይ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ማየርስን ከኦስተርን በፊት ካነበባችሁት 50 ደንብ ትሸመድዳላችሁ። በኋላ ካነበባችሁት ግማሹን ራሳችሁ ገምታችሁ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን ስቴፓኖቭ ከዳንኤል ሮዝ ጋር በ2014 ያሳተመው «ፍሮም ማቴማቲክስ ቱ ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ» ነው። ሒሳብ ለሚፈራ ሰው ሳይቀር እሰጠዋለሁ። የሚጀምረው ከጥንት ግብፆች ማባዛት ነው። ይሄ ዘዴ በእንግሊዝኛው የፕሮግራመሮች ዓለም «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለም ይጠራል። እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ማባዛት የተማርኩት እንደ ማንኛውም ልጅ ሠንጠረዡን ሸምድጄ ነው። ዘዴው ግን ሊታወቅ ይገባል።

13ን በ24 እናባዛ። በግራ በኩል 13ን ቀሪውን እየጣልን በግማሽ እንክፈል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል 24ን እጥፍ እናድርግ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ካሉት ለሁለት እኩል የሚከፈለው 6 ብቻ ነው፤ እሱን ከነጓደኛው ከ48 እንሰርዝ። የቀሩትን 24፣ 96 እና 192 ስንደምር 312። መክፈል፣ ማጠፍና መደመር ብቻ የሚያውቅ ሰው አበዛ።

ስቴፓኖቭ ከዚህ ተነስቶ የሚጠይቀው ያንኑ የውል ጥያቄ ነው። ዘዴው እንዲሠራ መደመር ምን ዓይነት ጠባይ አስፈለገው? ቁጥር መሆኑ አላስፈለገም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ነገሮችን ስንደምር መጀመሪያ የትኞቹን ሁለት እንደምናጣምር ለውጥ እንዳያመጣ። መቀነስ ይሄ ጠባይ የለውም። ከ10 ላይ 5፣ ከዚያ 2 ብንቀንስ 3 ይቀራል። መጀመሪያ ከ5 ላይ 2 ቀንሰን ውጤቱን ከ10 ብንቀንስ ግን 7 ነው። ጠባዩ ካለ ግን በመደመር ፋንታ ማባዛትን ተኩ፤ ያው ኮድ ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ የሚያባዛ ይሆናል። በማባዛት ፋንታ የማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ማባዛትን ተኩ፤ ያው ኮድ የፊቦናቺን ቁጥር (እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበትን ተርታ) በጥቂት እርምጃ ያወጣል። ኮዱ አልተነካም።

ሐሳቡ የመጣለት እንዴት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። በ1976 ገና ሶቭየት ኅብረት እያለ ጥሬ ዓሣ በልቶ ክፉኛ ተመረዘ። ሆስፒታል ተኝቶ ሲቃዥ ቁጥሮችን ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ መደመር የሚቻለው በዚሁ ጠባይ ምክንያት መሆኑ ታየው። ጥሬ ሥጋ ለምንበላ ሰዎች ትንሽ የሚያሳስብ ታሪክ ነው፤ ግን ጥሩ ታሪክ ነው።

ከፖል ማክጆንስ ጋር በ2009 ያሳተመው «ኤሌመንትስ ኦፍ ፕሮግራሚንግ» ከዚህ ይጠነክራል። ቀጭን ነው፤ ግን አንዱ ገጽ አንድ ማታ ሊፈጅ ይችላል። ሁለት እኩያዎች ሲሰጡ ሚን (ትንሹን የሚመርጠው) የመጀመሪያውን፣ ማክስ (ትልቁን የሚመርጠው) ሁለተኛውን መመለስ አለባቸው የሚለው ክርክሩ ለምሳሌ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። የዛሬው ስታንዳርድ ማክስ ግን እኩያ ሲመጣለት የመጀመሪያውን ነው የሚመልሰው። ሀይሉንና ሐይሉን ከነማነጻጸሪያችን ብትሰጧቸው ሚንም ማክስም ያንኑ አንድ ሰው ይመልሱላችኋል፤ ሌላኛው ጠፋ። ይሄን መጽሐፍ ደራሲዎቹ በ2019 ፒዲኤፉን በነጻ ስለለቀቁት ከሕሊናችሁ ጋር ሳትጣሉ ማውረድ ትችላላችሁ።

ለዚህ ዓላማ የማልመክራቸውም አሉ። የአንድሬ አሌክሳንድሬስኩ የ2001 መጽሐፍ፣ «ሞደርን ሲ ፕላስ ፕላስ ዲዛይን»፣ ሽፋኑ ላይ ጀነሪክ ፕሮግራሚንግ ስለሚል ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛዋል። ድንቅ ነው፤ ግን የሚያወራው ቴምፕሌትን ጠምዝዞ ኮምፓይለሩን ስለማሠራት ነው። ትልቁ የታይፕሊስት (የዳታ ዓይነቶች ዝርዝር) ክፍሉ ደግሞ ከ2011 ወዲህ በቋንቋው ራሱ ቀሏል። «ሲ ፕላስ ፕላስ ቴምፕሌትስ» የሚለው ወፍራም መጽሐፍም የቴምፕሌትን ሕግ ለሚፈልግ ነው፤ ላይብረሪ ለሚጽፍ ሰው የግድ ነው፤ ላይብረሪ ለሚጠቀም ሰው ግን ሸክም ነው።

እንግዲህ ዶላር ማግኘትና ውጭ አገር ካርድ መያዝ ለኛ ቀላል ስላልሆነ ሁሉንም ግዙ አልልም። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ያገለገለ ኦስተርንን ፈልጉ። ሰው ሁሉ አዲስ እትም ስለሚያሳድድ አሮጌውን የሚሻማችሁ አይኖርም። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካለው ማስያዝ ይቻላል። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ኪሎውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ምሳሌዎቹን ለመሞከር አሮጌ ኮምፓይለር መፈለግ አያስፈልግም፤ ጂ ሲ ሲ የሚባለው ኮምፓይለር የ98ን ደረጃ ምረጥ ሲሉት እስካሁን ይቀበላል። ከዚያ ያንኑ ኮድ በ20 ደረጃ በኮንሴፕት ጻፉትና ሆን ብላችሁ ሊስትን ለሬንጅስ ሶርት ስጡት። በድሮው መንገድ ገጽ ሙሉ የሚወርደው የስህተት መልእክት በአዲሱ የትኛውን ግዴታ እንዳላሟላችሁ በስም እንደሚጠራ ታያላችሁ። ስሙን ይዛችሁ ወደ ኦስተርን ሁለተኛ ክፍል ሂዱ።